ዝምታን እንደ ስምምነት ስንቆጥር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት ተቀራራቢ ጉዳይ ነው፦ አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር ሆነው ለአንድ ሥራ የተሰባሰቡ ሰዎች እንዴት ይነጋገራሉ፣ በምን ይተሳሰራሉ፣ ውሳኔ ላይስ እንዴት ይደርሳሉ? ደብዳቤዎቹን አከታትዬ ሳነባቸው በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሳይነገር የቀረ አንድ ሐሳብ አገኘሁ፤ ስድስቱን መርጬ በአንድነት ለመመለስ የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችለውንም አውጥቻለሁ። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰባት ሰዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። አብረን መሥራት ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን፤ እንዋደዳለን፣ እንከባበራለን፣ ተጣልተንም አናውቅም። ውሳኔዎቻችን ሁሉ በሙሉ ድምፅ የሚያልፉ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ዕቅድ በዚሁ መንገድ አጽድቀን ሥራ ላይ አዋልነው፤ ነገር ግን ከሸፈ። ከዚያ በኋላ አራት አባላት በየተራ ለብቻዬ እየመጡ ‹‹እኔስ ገና ከጅምሩ ልቤ አልተቀበለውም ነበር›› አሉኝ። ከሰባት አራት ማለት አብላጫው ነው። አብላጫው ያላመነበትን ዕቅድ በሙሉ ድምፅ ያጸደቅነው እንዴት ነው? ያሳወረን ፍቅራችን ይሆን?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ አራቱ አባላት ወደ እርስዎ መጥተው መናገራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በብዙ ቡድኖች ዘንድ እንዲህ ያለው ጉዳይ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀራል። የሆነውን ለመረዳት ግን በዚያ ቀን ከአራቱ አንዱ እርስዎ እንደነበሩ አድርገው ያስቡት። ይህ ሰው በዕቅዱ ላይ ጥርጣሬ አለው፤ ቀና ብሎ ሌሎቹን ሲመለከት ሁሉም ዝም ብለዋል። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ይቆጥረውና ‹‹የተጠራጠርኩት እኔ ብቻ ከሆንኩ ያልገባኝ ነገር ይኖራል›› ብሎ እርሱም ዝም ይላል። በዚያችው ቅጽበት የቀሩት ሦስቱ ደግሞ የእርሱን ዝምታ እያዩ ያንኑ ይደመድማሉ። አራት ጥርጣሬዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ተለያዩ ማለት ነው።

ይህ የእርስዎ ኮሚቴ ብቻ ድክመት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባደረጋቸው ሙከራዎች ለተሳታፊዎች አንድ መስመር እያሳየ፣ ከሌሎች ሦስት መስመሮች መካከል በርዝመት ከእርሱ ጋር እኩል የሆነውን እንዲለዩ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ማንንም የሚያስቸግር አልነበረም፤ ብቻቸውን የተጠየቁ ሰዎች የተሳሳቱት ከመቶ መልስ በአንዱ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ በክፍሉ ውስጥ ከአንዱ እውነተኛ ተሳታፊ በቀር ሁሉም ከአሽ ጋር አስቀድመው የተስማሙ ነበሩና፣ ከ18ቱ ዙሮች በ12ቱ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሰጡ። በእነዚያ ዙሮች ከእውነተኞቹ ተሳታፊዎች መልስ ሲሶ ያህሉ ስሕተቱን የተከተለ ሆነ፤ ከተሳታፊዎቹም ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የሌሎቹን መልስ ደግመዋል። መልሱን ጮክ ብለው መናገራቸው ቀርቶ በወረቀት እንዲጽፉት ሲደረግ ግን ስሕተቱ በእጅጉ ቀነሰ። በዓይን ለሚታይ መስመር እንዲህ ከሆነ፣ ገና ላልተፈጸመና ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቀው ለማይችል ዕቅድ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ እጅግ የከበደ ጉዳይ ይዘው የተቀመጡ ሰዎችም በዚሁ ተይዘዋል። በኤፕሪል 1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከአማካሪዎቻቸው ጋር መክረው 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞች ቤይ ኦፍ ፒግስ በተባለው የኩባ ዳርቻ እንዲያርፉ ፈቀዱ፤ ወረራው በሦስት ቀን ውስጥ ከሸፈ፤ ከ1,100 የሚበልጡትም ተማረኩ። ከአማካሪዎቹ አንዱ የነበረው የታሪክ ምሁር አርተር ሽሌሲንገር በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ዝም በማለቱ ራሱን አምርሮ እንደወቀሰ በኋላ ጽፏል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኢርቪንግ ጃኒስ ይህንንና መሰል ውሳኔዎችን መርምሮ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ችግሩን ‹‹ግሩፕቲንክ›› ብሎ ጠራው፤ አባላት የቡድኑን ስምምነት ላለማወክ ሲሉ ሐሳብን መመርመር ሲያቆሙ የሚፈጠረውን ሁኔታ የሚገልጽ ስም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እመለሳለሁ፤ ጥፋተኛው ፍቅራችሁ አይመስለኝም። ጃኒስ የቡድን ትስስር ለዚህ ችግር መንገድ ይከፍታል ብሎ ያምን ነበር፤ ነገር ግን የሚዋደዱ ሰዎች ሁሉ ዝም አይባባሉም፤ እንዲያውም እርስ በርስ የሚፈራሩ እንግዶች ከወዳጆች ይልቅ ዝም ይላሉ። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል የሚሠሩ ቡድኖችን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጥሟታል፦ በመልካም ሁኔታ የሚመሩት ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት መዝግበው ተገኙ። የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነበር። በ1999 ባሳተመችው ጥናት ይህንን ‹ብናገር አልዋረድም፣ አልገፋም› የሚል የጋራ እምነት ‹‹ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት›› በሚል መጠሪያ ገልጻዋለች። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል እንደምትዋደዱ ሳይሆን፣ በመካከላችሁ ፍቅር ምን ማለት ሆኖ እንደተለመደ ነው። ፍቅር ማለት አለመከራከር ነው ተብሎ ከተያዘ፣ ጥርጣሬውን የሚናገር ሰው ፍቅሩን ያፈረሰ ያህል ይሰማዋል። ፍቅር ማለት የያዝነውን ሥራ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው ተብሎ ከተያዘ ግን፣ ዝም ያለው ሰው ነው ወዳጆቹን የበደለው።

ከእርስዎ ከሰብሳቢው የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የራስዎን አስተያየት ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ኬኔዲ ከዚያ ውድቀት በኋላ፣ በኦክቶበር 1962 ስለ ኩባ ሚሳይሎች ለ13 ቀናት ሲመከር፣ አማካሪዎቻቸው በነጻነት እንዲከራከሩ ከአንዳንዶቹ ስብሰባዎች ራሳቸውን እስከ ማራቅ ደርሰዋል። ሁለተኛው ጥያቄዎን መለወጥ ነው። ‹‹ተቃውሞ ያለው አለ?›› የሚለው ጥያቄ ዝምታን ይጋብዛል። በጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት ቻሌንጀር ለተባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሮኬት የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ ላስቲክ ያበላሸዋልና መንኮራኩሩ አይወንጨፍ ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራክረው ነበር፤ ከዚያ የኩባንያው ኃላፊዎች ለብቻቸው ተማከሩና ሐሳቡን ለወጡት። ወደ ስብሰባው ተመልሰው አዲሱ ውሳኔ ሲነገር፣ የተለየ አስተያየት ያለው ካለ ቢጠየቅም የተናገረ አልነበረም። በማግስቱ መንኮራኩሩ በተወነጨፈ በ73ኛው ሰከንድ ተሰባብሮ በውስጡ የነበሩት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ እርስዎ ‹‹ይህ ዕቅድ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሽፎ ብናገኘው ምክንያቱ ምን ይሆናል?›› ብለው ይጠይቁና እያንዳንዱ አባል ማንም ከመናገሩ በፊት መልሱን በወረቀት ይጻፍ። እንዲህ ሲጠየቅ ጉድለት መፈለግ ተቃውሞ መሆኑ ይቀርና የታዘዘ ሥራ ይሆናል፤ አራቱ ጥርጣሬዎችም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

ጥያቄ፦ ስምንት ሆነን የምንሠራበት ቡድን ውስጥ አዲስና በዕድሜም ትንሿ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሊስማሙበት በተቃረቡት ጉዳይ ላይ እነርሱ የማያውቁት አንድ መረጃ አለኝ፤ ከቀድሞ ሥራዬ ያገኘሁት ነው። ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜም ተውኩት። ብቻዬን ሆኜ ብናገር ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ የያዝሽው መረጃ የግልሽ አይደለም፤ የቡድኑ ነው፤ አንቺ ዘንድ የተቀመጠ የጋራ ንብረት ነው። ይህንን በሙሉ ልብ የምጽፈው ለብዙ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ስለሠራሁ ነው። ‹‹በሙሉ ድምፅ ጸደቀ›› ብዬ ከጻፍኩባቸው ስብሰባዎች መካከል ሁለትና ሦስት ሰዎች አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የወጡባቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ምን ይዘው እንደወጡ ዛሬም አስባለሁ።

ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ በ1985 ያሳተሙት ጥናት የአንቺን ሁኔታ በትክክል ይመስላል። አራት አራት ሰዎችን ሰብስበው ከሦስት ዕጩዎች አንዱን እንዲመርጡ አደረጉ። ከሁሉ የሚሻለውን ዕጩ የሚደግፈው መረጃ ለአራቱ ተበጣጥሶ ተሰጠ፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁራጩ ደረሰው፤ ስለ ሌላው ዕጩ የሚያስደስተው መረጃ ግን ለሁሉም ተሰጠ። ተወያይተው ቁራጮቹን ቢያገጣጥሙ ትክክለኛው መልስ በእጃቸው ነበር። አብዛኞቹ ቡድኖች ግን አላገጣጠሙትም፤ ጊዜያቸውን የፈጁት ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ደጋግመው በመነጋገር ነበር። ሰው ሌላው የሚያውቀውን ነገር ሲናገር ወዲያው አዎንታ ያገኛል፤ ብቻውን የሚያውቀውን ሲናገር ግን የሚያረጋግጥለት የለም። አንደበትሽን የያዘውም ይኸው ነው።

‹ብቻዬን› ስላልሽው ግን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ ከስብሰባው በፊት ከአባላቱ ለአንዱ ነገሩን አስረድተሽ ሐሳቡን ብትጠይቂ መልካም ነው። አሽ በሌላ ሙከራው ከአስመሳዮቹ አንዱ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲያደርግ፣ እውነተኛው ተሳታፊ ስሕተቱን የሚከተልበት ጊዜ ወደ ቀድሞው ሩብ ያህል ወረደ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው፣ ያ አንድ ሰው የተናገረው ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ከብዙኃኑ የተለየ ሲሆን እንኳ የተሳታፊው ነጻነት መጨመሩ ነው። የአንድነቱ ግድግዳ አንዴ ከተነቃነቀ ሌላው ሰው ያየውን ለመናገር ድፍረት ያገኛል። ስለዚህ መረጃሽ በመጨረሻ ውሳኔውን ባይለውጠው እንኳ ከጎንሽ ለተቀመጠ ዝምተኛ በር ትከፍቺለታለሽ።

አነጋገርሽን በተመለከተ፣ ሰርጅ ሞስኮቪቺና ባልደረቦቹ በ1969 ያሳዩት ነገር ይረዳሻል። ስድስት ስድስት ሰዎች ሰማያዊ ሥዕሎችን እያዩ ቀለማቸውን እንዲናገሩ ተደረገ፤ ከስድስቱ ሁለቱ በድብቅ የተዘጋጁ ነበሩ። ሁለቱ ሁልጊዜ ያለማወላወል ‹‹አረንጓዴ›› ሲሉ ከሌሎቹ መልስ 8 ከመቶ ያህሉ አረንጓዴ ሆነ፤ አንዳንዴ አረንጓዴ አንዳንዴ ሰማያዊ ሲሉ ግን ተጽዕኗቸው ወደ 1 ከመቶ ወረደ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሁለቱም የተናገሩት ስሕተት እንደነበር አትርሺ። የሚያስተምረን ግን ጥቂቶች የሚደመጡት ቃላቸው ሲጸና መሆኑን ነው። እንግዲህ ‹‹ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል እንጂ…›› ብለሽ አትጀምሪ። ‹‹በቀድሞ ሥራዬ ይህንን አይቻለሁ፤ ለያዝነው ውሳኔ አስፈላጊ ስለመሰለኝ ከመወሰናችን በፊት እንድታውቁት እፈልጋለሁ›› በይ፤ ከዚያ ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ። ፍርዱን ለሁሉም ተዪው፤ መረጃውን ግን አታስቀሪ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን የጀመርነው ሥራ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች አፈራ። ብዙ ስንሆን ሥራው ይቀላል ብለን ነበር። አሁን ግን ስብሰባው ረዝሟል፤ ሥራውም ያው በቀድሞዎቹ ሦስት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። አዲሶቹ ሰነፎች ሆነው ነው?

መልስ፦ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው ሎሚው በእጁ ሲገባ ብቻ ነው። ሃምሳው ሎሚ በአንድ ከረጢት ታስሮ ሃምሳው ሰው አንድ ላይ ይሸከም ቢባል ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ማክሲሚልየን ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲስቡ ኃይላቸውን ለክቶ ውጤቱን በ1913 አሳትሟል። ሁለት ሆነው ሲስቡ እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ከሚስበው ኃይል 93 ከመቶውን አወጣ፤ ስምንት ሲሆኑ ግን 49 ከመቶ ያህሉን ብቻ። ስምንቱ ሰዎች የአራት ሰው ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ኪሳራው ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው አለመቀናጀት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበትና በአንድ አቅጣጫ አይስቡም። ሁለተኛው ልግመት ነው። ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ በ1979 ሰዎች እንዲጮኹና እንዲያጨበጭቡ አድርገው ሲለኩ፣ ተሳታፊዎቹ ከሌሎች ጋር አብረው እየጮኹ እንደሆነ ሲያምኑ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ያነሰ ድምፅ አወጡ። የሚለግሙ እንደሆነም ለራሳቸው አይታወቃቸውም ነበር። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ እንዳሳዩት ደግሞ፣ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ተለይቶ እንደሚለካ ሲነገራቸው ልግመቱ ጠፋ። ስለዚህ አዲሶቹን አባላት ሰነፎች ከማለት ይልቅ፣ ሥራቸው ተለይቶ የሚታይበት ቦታ አልተሰጣቸውም ብል እመርጣለሁ።

ንግግሩም እንዲሁ ነው። አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሊነጋገሩ የሚችሉባቸው ጥንዶች 10 ናቸው፤ አሥራ አራት ሰዎች ሲሆኑ ግን 91 ይሆናሉ። በአምስት ሰው ጊዜ ሳይጻፍ፣ ሳይታወጅ በዓይን የምትግባቡበት ነገር አሁን መጻፍና መነገር ይኖርበታል፤ ቀድሞዎቹ ሦስቱ ሥራውን ሁሉ የያዙትም ምናልባት ያ የዓይን መግባባት እነርሱ ዘንድ ብቻ ስለቀረ ነው። ለአሥራ አራት ሰው ከአንድ ሰፊ ስብሰባ ይልቅ አራት ወይም አምስት ሰው የያዙ ሦስት ንዑሳን ቡድኖች ይሻላሉ፤ በየንዑስ ቡድኑም ‹‹ይህንን የሚሠራው ማን ነው? እስከ መቼ?›› ለሚለው ጥያቄ አንድ የሰው ስምና አንድ ቀን ይጻፍ። ‹‹እንሠራዋለን›› የሚል ቃል በቃለ ጉባኤያችሁ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ባለቤት የሌለው ግሥ ነውና። ከቀድሞዎቹ ሦስቱ አንዳንዳቸውም ወደ ሦስቱ ንዑሳን ቡድኖች ይከፋፈሉ፤ አብረው ከቆዩ ሥራው ተመልሶ እነርሱ ጋ ይሰበሰባል።

ጥያቄ፦ አዲስ ሐሳብ ለማመንጨት ተሰብስበን ‹‹የመጣላችሁን ሁሉ ተናገሩ›› ስንባል፣ ሁልጊዜ የሚወጣው ሐሳብ ጥቂት የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ስለሚጠብቁ ነው። ተራን መጠበቅ ሐሳብን ያስረሳል፤ የሰሙት ሐሳብም የራስን ሐሳብ ወደ እርሱ አቅጣጫ ይጎትታል። ይህ ዘዴ ብሬይንስቶርሚንግ በሚል ስም በ1950ዎቹ በሰፊው ከታወቀ በኋላ ደጋግሞ ተፈትኗል፤ ብቻ ብቻቸውን ተቀምጠው የጻፉ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር፣ በቁጥራቸው ልክ ሆነው አብረው ከተነጋገሩት ይበልጣል። ዋናው ምክንያት ተራ ጥበቃው መሆኑን ማይክል ዲልና ቮልፍጋንግ ስትሮበ በ1987 አሳይተዋል። አሥር ደቂቃ በዝምታ ጻፉ፤ ከዚያ በየተራ አንድ አንድ ሐሳብ እያነበባችሁ መዝግቡ፤ ውይይቱ ከዚያ ይጀምር። በዚህ ዓምድ ዝምታን ደጋግሜ ብወቅስም ይህኛው ዝምታ በጎ ነው፤ መጨረሻው ለሁሉም የሚነበብ ጽሑፍ ነውና።

ጥያቄ፦ በቡድናችን ሁለት ወገን አለ። አንዱ ‹‹ድምፅ እንስጥና አብላጫው ይወስን›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ሁላችንም ሳንግባባ አንወስንም›› ይላል። የትኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ድምፅ መስጠት ጥርት ያለ ዳኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ1785 ያሳየውን አንድ ነገር በወረቀት ላይ ይሞክሩት። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት አማራጮች ይኑሩ። የመጀመሪያው ሰው ሀን ከለ፣ ለን ከሐ ያስበልጣል። ሁለተኛው ለን ከሐ፣ ሐን ከሀ ያስበልጣል። ሦስተኛው ሐን ከሀ፣ ሀን ከለ ያስበልጣል። ሀና ለ ቢወዳደሩ ሀ ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ ለና ሐ ቢወዳደሩ ለ ያሸንፋል፤ ሐና ሀ ቢወዳደሩ ደግሞ ሐ ያሸንፋል። ‹አብላጫው የሚፈልገው› የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሀና ለን አወዳድሮ አሸናፊውን ከሐ ጋር ቢያቀርብ ሐ ይመረጣል፤ ቅደም ተከተሉን ቢለውጥ ሌላው ይመረጣል። ስለዚህ ከሁለት የበለጠ አማራጭ ሲኖር ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቅደም ተከተሉ በማን እንደሚወሰን መነጋገር ግድ ነው። ይህንን ሳያስተውሉ ‹‹ሕዝቡ መረጠ›› የሚሉ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው።

ይኸው ኮንዶርሴ ለአብላጫ ድምፅ መልካም ምስክርነትም ሰጥቷል። እያንዳንዱ ሰው ከመሳሳት ይልቅ ትክክል የመሆን ዕድሉ ጥቂት እንኳ ቢበልጥ፣ የሰዎቹ ቁጥር በጨመረ መጠን የአብላጫው ፍርድ ወደ እውነት ይጠጋል። ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ሁሉም በየራሱ ሲፈርድ ነው። አንዱ ተደማጭ ሰው ተናግሮ ስድስቱ ከተከተሉት፣ የተቆጠረው ሰባት ድምፅ ቢሆንም የተሰጠው ፍርድ አንድ ነው። እጅ ከማውጣት በጽሑፍ ድምፅ መስጠትን የምመርጠው ስለዚህ ነው።

ሙሉ መግባባትን የሚሹትን በተመለከተ ደግሞ ስጋቴ ሌላ ነው። ‹ሁላችንም ካልተግባባን አንወስንም› የሚል ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የመከልከል ሥልጣን ይሰጣል፤ ሰው ግን ያንን ሥልጣን ብቻውን ተጠቅሞ ሌሎቹን ለማሰር ያፍራል፤ ሰዓቱ በመሸ ቁጥርም ደክሞት ‹‹እሺ›› ይላል። የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ላይ ያየነው ዓይነት ሙሉ ድምፅ የሚወለደው እንዲህ ነው። ለቡድናችሁ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ቀላልና ነገ ሊታረም የሚችል ጉዳይ ከሆነ በአብላጫ ድምፅ ወስኑና እለፉ። ሁላችሁም በእጃችሁ የምትሠሩትና ለመመለስ የሚያስቸግር ጉዳይ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሰው ከሦስቱ አንዱን ቃል ይናገር፦ ‹‹እደግፋለሁ››፣ ‹‹ባልደግፍም አብሬ እሠራለሁ››፣ ‹‹አብሬ መሥራት አልችልም››። ሁለተኛው ቃል እጅግ ውድ ነው፤ አሁን በሁለታችሁም ወገን ቦታ ያጣው እርሱ ይመስለኛል። የተናገረው ሰው ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይስፈርለት፤ ውሳኔው ከስድስት ወር በኋላ ሲገመገም መጀመሪያ የሚነበበው እርሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን አንድ ሥራ ከጀመርን ሦስት ወራችን ነው። የመጀመሪያው ወር ፍቅር ነበር፤ አሁን በየስብሰባው እንጨቃጨቃለን። በተለይ ሁለት አባላት በአንዱም ነገር አይስማሙም። ለሰላም ስንል አከራካሪዎቹን ጉዳዮች ከአጀንዳ ብናወጣ ይሻላል ወይስ ቡድኑን እንበትን?

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጉ። ብሩስ ተክማን በ1965 ስለ ትናንሽ ቡድኖች የተጻፉ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ በአራት ምዕራፍ እንደሚያልፉ ጽፏል፤ መጀመሪያ ይሰባሰባሉ፣ ከዚያ ይናወጣሉ፣ ቀጥሎ ሥርዓት ያበጃሉ፣ በመጨረሻም በሙሉ ኃይል ይሠራሉ። ሁሉም ቡድን በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ ወደ ኋላ የሚመለስም አለ። ሆኖም የመጀመሪያው ወር ፍቅር በአብዛኛው የእንግድነት ትሕትና እንደሆነ፣ የአሁኑ ጭቅጭቅም ሰዎቹ የልባቸውን መናገር መጀመራቸውን እንደሚያሳይ ልብ በሉ። አከራካሪውን ጉዳይ ከአጀንዳ ብታወጡት ከስብሰባው ወጥቶ ወደ በረንዳ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚይዝለት የለም።

ዋናው ነገር ጭቅጭቁ ስለ ምን እንደሆነ መለየት ነው። ሥራው እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ የሚነሣ ክርክር ለቡድን የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ አንተ ማን ሆነህ የሚለው ክርክር ግን ሁልጊዜ ይጎዳል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ሳይታወቅ ወደ ሁለተኛው መሸጋገሩ ነው፤ ‹‹ሐሳብህ አይሠራም›› የተባለው ሰው ‹‹አንተ አትረባም›› ብሎ ይሰማዋል።

ሁለቱን ሰዎች አብሮ ማስቀመጥ ብቻውን አያስታርቃቸውም። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በውድድር ካጣላቸው በኋላ አብረው እንዲመገቡና እንዲጫወቱ ቢያደርግ ጠቡ ባሰ እንጂ አልበረደም። የበረደው የውኃ መስመራቸው ተቋርጦ ሁለቱም ቡድኖች ሲፈልጉት፣ ቆሞ የቀረውን መኪናም አብረው በገመድ ሲጎትቱ ነበር። ስለዚህ ለሁለቱ አባላት አንዱ ያለ ሌላው ሊጨርሰው የማይችል አንድ የሥራ ክፍል ስጧቸው፤ አጭርና ውጤቱ በሁለት ሳምንት የሚታይ ይሁን።

ለቀጣዩ ስብሰባችሁም አንድ ደንብ አውጡ። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ከመቃወሙ በፊት ሌላው ያለውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገር፤ ያኛውም ‹‹አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው›› እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይጀምር። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ሰውንም ያሰለቻል፤ ሰብሳቢያችሁ ግን ቢያንስ ለሦስት ስብሰባ ሳያቋርጥ ያስፈጽመው። ቃለ ጉባኤ ያዣችሁ በዚያን ጊዜ የሚጽፈው ተቃዋሚው መልሶ የተናገረውንና ባለቤቱ ‹‹አዎ›› ያለበትን ቃል ይሁን።